ሐረገወይን እስክትበላ

እሑድ ጠዋት፣ የአሰብ ሙቀት ሳይበረታ፣ ሐረገወይን የዶሮ ክንፎቹን በሎሚና በጨው አጥባ በማር፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥቁሩ የሶያ ስጎ አሸቻቸው። አሠራሩን ያሳያት ልጇ ብዙነህ ነው፤ እሱም ወደብ ሲሠራ ከአንድ የኮሪያ መርከብ ምግብ አብሳይ ነው የለመደው። ብሔራዊ ውትድርና ከወሰደው ዓመት አልፎታል። ሰሞኑን በእረፍት ይመጣል ሲባል ስለሰማች፣ እጇን ልታፍታታ ብላ ነው።

ክንፎቹ ፎርኖው ውስጥ ቀልተው ሲያብረቀርቁ ጎረቤቶቿ ተከታትለው ገቡ። ፊታቸው ጠቁሯል፤ የቀበሌ ስብሰባ ያንገሸገሻቸው መሰላት። ትሪውን ብታቀርብላቸው ማንም እጁን አልዘረጋም።

«አንቺ ብዪ እንጂ» አለቻት ታደለች።

ሐረገወይን ሳቀች። «ክንፍ ደግሞ ምኑ ይበላል» እያለች ስታሾፍባት የኖረችው ይህችው ታደለች ናት። አንዱን ግጣ አጥንቱን ስታስቀምጥ ታደለች ሌላ አቀበለቻት።

ያን ጊዜ ገባት። መርዶ የሚረዳ ሰው አስቀድሞ እህል ይቀምሳል፤ ባለፈው ክረምት የበቀለ መርዶ ሲመጣ እናቱን ያጎረሰቻት ራሷ ነበረች። እሷ እየበላች እስካለች ድረስ ማንም አፉን አይከፍትም።

ክንፉን ተቀብላ ቀስ ብላ ጋጠችው። ሲያልቅባት፣ ቀና ሳትል፣ «ሌላ ስጪኝ» አለቻት።