አንድ ጥርስ የሳተው ሞተር

ኦቪዲዮ በሕይወት ሳለ ሠፈሩ ሁሉ መኪናውን የሚያውቃት በድምጿ ነበር። ኮርዶባ ከተማ ውስጥ፣ ሳን ቪሴንቴ በሚባለው ሠፈር፣ ያቺ አሮጌ ፊያት ገና ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ሳለች ትሰማለች። አንድ እግሯን እንደምታነክስ በቅሎ ቱክ ቱክ እያለች፣ መሃል ላይ ትንፋሿን ዋጥ እያደረገች ትመጣለች። ሚስቱ ኤዴልሚራ ያን ስትሰማ ማቴ ለሚሉት የቅጠል ሻይ ውሃ ትጥዳለች፤ ውሃው ሞቅ ሲል ኦቪዲዮ በሩ ላይ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ "አንካሳዋ መጣች" ይላል። መካኒክ ሆኖ እንዲህ ያለች መኪና መንዳቱ ማለቂያ የሌለው መሳቂያ ነበር። እሱ ግን ደንታ የለውም። የሰው መኪና ይጠገናል፣ የራስ መኪና ይነዳል፣ ይላቸዋል።

ናሳሬኖ ከኦቪዲዮ ጋር በአንድ ጋራዥ ያረጀ ባልንጀራው ነው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነበር። ናሳሬኖ መፍቻዎቹን በነጭ ጨርቅ ላይ በየመጠናቸው ይደረድራል፤ እጁን ሳይታጠብ ሞተር አይከፍትም። በዚህ የተነሣ ኦቪዲዮ "ቄሱ" የሚል ስም አወጣለት፣ ስሙም ተጣብቆበት ቀረ።

ኦቪዲዮ ከሞተ ወዲህ መኪናዋ ጓሮ ተገትራ አቧራ ስትጠጣ ከረመች። ኋላ ልጁ ሴሊና ከተራሮቹ ማዶ ደውላ፣ መኪናዋ የምትነሣ ከሆነ ለእኔ ትሁን አለች። ሴሊና አስተማሪ ናት፤ ከገጠር ትምህርት ቤት ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የምትመላለስበት ያስፈልጋታል። ናሳሬኖ ሞተሯን ፈትቼ እንደ አዲስ እሠራታለሁ ብሎ ሥራውን በራሱ ላይ ወሰደ። ኤዴልሚራም እሺ አለች፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው። ልጅቷ ይዛት ከመሄዷ በፊት፣ ድሮ ስትመጣ እንደምሰማት አንዴ ልስማት፣ አለችው። ናሳሬኖ ይህን ምን ከባድ ነገር አለው ብሎ ቃል ገባ።

ከባዱ ነገር የተገለጠው የታይሚንግ ቺንጋውን ሊያወልቅ ሲል ነው። ቺንጋው ከታች ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክሻፍት ከላይ ቫልቮላዎቹን ከሚከፍቱት ከሁለቱ ካምሻፍቶች ጋር አስሮ አብሮ የሚያዞር ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ ነው። እያንዳንዱ ካምሻፍት ጫፉ ላይ ፑሌጃ የሚባል ጥርሳም መዘውር አለው፤ በፑሌጃው ላይ ያለችው ምልክት ከጠቋሚዋ ፊት ለፊት መቆም አለባት። ናሳሬኖ ፒስተኑን ወደ ላይ አምጥቶ ምልክቶቹን አየ። የአንደኛው ምልክት ቦታው ላይ ነው። የሁለተኛው በአንድ ጥርስ ዘግይቷል። ዓይኔ ነው ብሎ መነጽሩን ጠረገ፤ እንደገና አዞረ። ያው ነው።

ያኔ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ ብቻውን ሳቀ። ቀኑ ትዝ አለው። አርብ ነበር፤ አርብ አርብ ጋራዡ በር ላይ ፍም ተደርጎ ጎድን ይጠበሳል። ኦቪዲዮ በአንድ እጁ የወይን ብርጭቆ፣ በሌላው ቺንጋ ይዞ፣ ስለ አንድ የአማቱ ዶሮ እያወራና ሰውን እያሳቀ ነበር የገጠመው። ናሳሬኖ እስቲ ልየው ቢለው፣

"ሂድ ወደዚያ ቄሱ፣ የኔ መኪና ንስሐ አያስፈልጋትም" አለው።

ሞተሩ ሲነሣ ሁለቱም ሰሙት። ኦቪዲዮ ግን ተሳስቻለሁ ከሚል ዕድሜውን ሙሉ በአንካሳ መኪና ቢሄድ ይሻለው ነበር፤ እንደዚያም አደረገ።

እንግዲህ ናሳሬኖ ጭንቅ ያዘው። ቺንጋውን በትክክል ከገጠመ ያ ድምፅ የለም። እንደ ነበረ ከገጠመው ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ያጥረዋል፤ ሴሊና ያን ሁሉ ዳገት የምትወጣው በዚሁ ነው። ሄዶ ለኤዴልሚራ እውነቱን ነገራት።

"ስህተት ነው ስሰማ የኖርኩት በለኛ።"

"ስህተት ነው እትዬ። አንድ ጥርስ።"

"እንግዲያው አንዴ እሱ እንዳደረገው ግጠምልኝ። ከሰማሁ በኋላ ለልጄ አንተ እንደምታውቀው አድርግ።"

ሞተሯ ታድሳ ቺንጋው የሚገባበት ቀን ደረሰ። ናሳሬኖ እያወቀ ምልክት አስቶ ቺንጋ ገጥሞ አያውቅም። እጁ አልታዘዝ አለው፤ ሁለት ጊዜ ሳያስበው ምልክቷን ጠቋሚዋ ላይ አምጥቶ አቆማት። በመጨረሻ የፑሌጃውን ጥርስ እየቆጠረ፣ ከራሱ ጋር እየተጣላ አንድ ወደ ኋላ መለሳት።

ቅዳሜ ጠዋት ኤዴልሚራ ንጹሕ ሹራቧን ለብሳ ጋራዡ መጣች። ናሳሬኖ መኪናዋን አስነሣ። ሞተሩ ተንገዳገደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ያዝ ለቀቅ አደረገው። እሷ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ረጅም ጊዜ ሰማች።

"እሱ አይደለም" አለች።

"ጥርሱ ያው ነው እትዬ፣ እሱ እንደተወው ነው።"

"ይቺ የታመመች መኪና ናት። የሱ አልታመመችም፤ ታነክሳለች እንጂ።"

ናሳሬኖ ሞተሩን አጠፋ። እውነቷን ነበር። ፒስተኑ አዲስ፣ ቫልቮላው የተሞረደ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ቀዳዳ የሌለው፣ ሁሉም የጸዳ ነው። ድምፁን ይዞት የኖረው አንዱ ጥርስ ብቻ አልነበረም፤ ያ ሁሉ እርጅና ነበር፣ ነዳጅ የሚረግጠው የኦቪዲዮም እግር ነበር። እርጅናውን ደግሞ ጠርጎ የጣለው ራሱ ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ የድሮውን ማርሚታ ፈልጌ ልሞክር ወይ ቢላት፣ ተወው አለችው።

"ከሦስተኛው ቱክ በኋላ እኮ ትንሽ ይቆማል" አለ ናሳሬኖ ለራሱ ያህል።

"ከሁለተኛው በኋላ ነው።" ኤዴልሚራ በጋብቻ ቀለበቷ የጎማውን መከለያ፣ ፓራፋንጎውን፣ መታ መታ አደረገች። "ቱክ፣ ቱክ፣ ከዚያ ይውጠዋል፣ ከዚያ ቱክ።"

"ኧረ የለም እትዬ። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ፣ እህ።"

"ሠላሳ ዓመት የሰማሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

ከጋራዡ ፊት ለፊት አትክልት የሚሸጠው ሩፊኖ ክርክሩን ሰምቶ ቲማቲሙን ጥሎ መጣ፤ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ ኦቪዲዮ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ነዳጅ ይሰጣትና ትስላለች አላቸው። ጉንጩን ነፍቶም አሳያቸው። ኤዴልሚራ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ዕንባ ሆነና እንደገና ሳቅ ሆነ። ሩፊኖ ሳሏን ድገማት ሲባል ደገማት።

"በል ቄሱ፣ ፍታው" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "ልጄ ተራራ ትወጣበታለች።"

ናሳሬኖ የቺንጋውን መወጠሪያ አላላ፤ ፑሌጃውን አንድ ጥርስ ወደ ፊት መልሶ ምልክቷን ከጠቋሚዋ ፊት አቆማት፤ ቺንጋውን አለበሰው። ከዚያ እንደ ልማዱ ክራንክሻፍቱን በመፍቻ፣ በእጁ፣ ቀስ እያለ ሁለት ዙር አዞረው። የትም የሚይዘው ነገር የለም። ምልክቶቹ ዞረው ቦታቸው ላይ መጡ። ከኋላው ኤዴልሚራ በቀለበቷ፣ ሩፊኖ በአፉ፣ ከሁለተኛው በኋላ ነው፣ የለም ትስላለች፣ እየተባባሉ ነው። ናሳሬኖ ገና መወጠሪያውን ሳያጠብቅ፣ መፍቻው በእጁ እንዳለ ዞር አለ።

"ከሦስተኛው ነው አልኳችሁ" አለና እንዴት እንደነበር ሊያሳያቸው ወደ ፓራፋንጎው መጣ።