የተፋቀው ሰደፍ

ሎርና በሚያዝያ ሞተች። ባሏ ዌንደል ሃርባው ቀጣዮቹን ወራት ሙሉ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ጀርባውን እየሰጠው ተቀመጠ፤ የፈለገው ወሬውን ሳይሆን የሰው ድምፅ ነበር። መስከረም ላይ ሚስማር ሊገዛ ሱቅ ሲገባ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ማስታወቂያ አየ። የጥንት የጦር ጠመንጃ ሰብሳቢዎች በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ይገናኛሉ። ከታች በእጅ ጽሑፍ «አዲስ ሰው ሲመጣ ደስ ይለናል» የሚል ተጨምሮበታል። ዌንደል ዕድሜውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ስለ ጠመንጃ የሚያውቀው ከአጋዘን አደን አያልፍም። ቢሆንም ቅዳሜን መጠበቅ ጀመረ።

በአዳራሹ መሀል አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። አዲስ ሰው እዚያ አይቀርብም፤ ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ ግድግዳ ሥር ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ዙሪያ ቦታ የሚያገኘው የራሱን ጠመንጃ አምጥቶ ሲያዞር ነው። ባለቤቱ የጥይት ቤቱን መዝጊያ አውጥቶ ፊቱ ያስቀምጥና ጠመንጃውን በስተግራው ላለው ሰው ይሰጣል። የተቀበለ ሁሉ ያየውን አንድ ነገር ተናግሮ ያሳልፋል። ሌላው ያለውን መድገም አይቻልም። ባለቤቱ ጠመንጃው ዞሮ እጁ እስኪገባ ትንፍሽ አይልም።

ዌንደል መጀመሪያ በሄደበት ቅዳሜ የዞረው የአንድ ፈረሰኛ ጠመንጃ ነበር።

«ይቺን ጥርስ ነክሷታል» አለ ሃይራም የሚባለው ቀጭን ሰውዬ፣ ሰደፉን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ።

«የኮርቻ ዘለበት ነው እንጂ ምን ጥርስ አለው!» አለው ቀጣዩ።

«ፈረሱስ ጥርስ አልነበረውም?»

ጠረጴዛው ሳቀ። ዌንደልም ከግድግዳው ሥር አብሮ ሳቀ። ከሳቀ ብዙ ጊዜ እንደሆነው ትዝ ያለው መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ነው።

አዳራሹ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ የነበረችው ሌላዋ አዲስ ዶሪን ስቱልትስ ነበረች፣ የሆስፒታል ነርስ። «አባቴ ከቁም ሣጥን ጀርባ ትቶልኝ የሄደው አንድ አለ» አለችው በሹክሹክታ። «ጭቃው እንኳን አልለቀቀም። እንዲህ እንዳለ ባመጣው አይሳቁብኝም?»

«ቀድሜ እኔ አመጣለሁ» አላት ዌንደል። «ከሳቁ በእኔ ይሳቁ።»

በጥቅምት የአንድ ሟች ገበሬ ንብረት በጨረታ ሲሸጥ ክራግ የሚባለውን የድሮ የሠራዊት ጠመንጃ ገዛ። እንጨቱ በእጅ ቅባት ጠቁሯል፣ ከዳር እስከ ዳር ተጫጭሯል። ዌንደል ጋራዡ ውስጥ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አጋደመውና ለረጅም ጊዜ አየው። ያረጀ ነገርን እንዴት እንደሚያከብሩት የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። እሱና ሎርና በየክረምቱ አሮጌ ወንበር ገዝተው ቀለሙን ይልጡ ነበር፤ እሷ ትፍቃለች፣ እሱ ቫርኒሽ ይቀባል። የመጨረሻው ወንበር ጥግ ላይ ቆሟል፤ ሦስት እግሩ ተልጧል፣ አራተኛው እንደ አረንጓዴነቱ ነው።

የሎርናን የብርጭቆ ወረቀት ከመሳቢያዋ አወጣ። ከሻካራው ጀምሮ ወደ ለስላሳው ሄደ፣ እሷ እንዳስተማረችው። ብረቱን በሽቦ ፈገፈገ፣ እንጨቱን የተልባ ዘይት አጠጣ። በእነዚያ ቀናት ቴሌቪዥኑን አልከፈተም። ሲጨርስ የዋልነት እንጨቱ መስመር እንደ ማር አበራ።

የኅዳር ስብሰባ ላይ ማኅበሩን የሚመራው ሽማግሌው ቨርጂል ኩንክል በግራው በኩል አንድ ወንበር ሳበለት። ዌንደል መዝጊያውን አውጥቶ ፊቱ አኖረ፣ ጠመንጃውን በስተግራው ለተቀመጠው ለሃይራም ሰጠ።

ሃይራም ተቀበለው፣ ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። «ንጹሕ ነው» አለ።

ቀጥሎ ያለው ሰው ይህን መድገም ስለማይችል «ያበራል» አለ።

«ለስላሳ ነው» አለ ሦስተኛው።

አራተኛው ምንም ሳይል አሳለፈው። አምስተኛውም።

«የምግብ ጠረጴዛ ይመስላል፣ እንዴት ያምራል» አለች ዶሪን ከግድግዳው ሥር።

«እራት ይቀርብበታል» አለ ሃይራም፤ ማንም አልሳቀለትም።

ጠመንጃው መጨረሻ ላይ ቨርጂል እጅ ገባ። ቨርጂል በሰደፉ ግራ ጎን ላይ ጣቱን አሳረፈ። «እዚህ ጋ ማኅተም ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ጠመንጃውን የፈተሸው ሰው የስሙ ፊደልና የተሠራበት ዓመት። አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ። ደብዝዞ ስለነበር... እድፍ መስሎኝ።»

«ሌላስ ምን ነበረው?»

«ፊደሎች ነበሩ። አንዱ በቢላ ቀርጿቸው። አልለቅም ብለው አስቸግረውኝ ነበር።»

«ምን ምን ፊደል?»

ዌንደል አፉን ከፈተ። እጁ ጥልቀታቸውን ያስታውሳል፤ ዓይኑ ግን ምንም አልያዘም። «አላስታውሳቸውም» አለ።

ማንም አልተቆጣውም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። መዝጊያውን አንስቶ ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አለው ቨርጂል።

«ወደ ቤቴ።»

«ቤትህ ማን አለ?»

ዌንደል መዝጊያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ቁጭ በል እንግዲህ ልጄ። እኔም የመጀመሪያዬን እንዲሁ ፍቄ አበላሽቻለሁ፤ ለማያውቅ ሰው ሸጬ ተገላገልኩ። ይሄንን ግን እዚህ ብትተውልን ለአዲስ ሰው የምናሳየው ይሆነናል።»

«እንዲህ አታድርጉ ለማለት?»

«እንዲህ አታድርጉ ለማለት። አንተ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጠህ እንዴት እንደሆነ ትነግራቸዋለህ።»

«በየወሩ?»

«አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር።»

ዌንደል የተነሣበትን ወንበር አየው። እንደ ሌሎቹ ጠረጴዛው ዙሪያ ነበር እንጂ ግድግዳ ሥር አልነበረም። «እሺ» አለና ተቀመጠ። ሃይራም ከቡናው ጋር የቀረበውን ኬክ ወደ እሱ ገፋለት፤ የሌላ ሰው ጠመንጃ መዞር ጀመረ። እሱ ጋ ሲደርስ ዌንደል «ማንገቻው ተቀይሯል» አለ። ትክክል ነበር፤ ግን ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

ውጭ መኪናዎቹ አጠገብ ዶሪን ጠበቀችው። «እኔኮ የብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ ነበር» አለችው።

«መልሺው።»

«ጭቃውንስ?»

«እሱንም አትንኪው።» የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ሾርባ ቤት አለ። ካልቸኮልሽ...»

«ፈረቃዬ ደርሷል ዌንደል። ሌላ ጊዜ።» ክንዱን ነካ አድርጋው ሄደች።

ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሄደው ወደ ጋራዡ ነበር። ወንበሩን ሊጨርሰው አስቦ ነበር፤ የብርጭቆ ወረቀቱ እንደታጠፈ መቀመጫው ላይ ተቀምጧል። አረንጓዴው እግር አጠገብ ተንበረከከ። ቀለሙ ላይ፣ ከወንበሩ እግር መታጠፊያ በታች፣ ሎርና በቀለም ማላቀቂያ አለስልሳው ሳለ የነካችበት ቦታ ላይ የአውራ ጣቷ አሻራ ደርቆ ቀርቷል። እስከዛሬ አላየውም ነበር።

ወረቀቱን ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ወንበሩን እንዳለ ተሸክሞ ወደ ማዕድ ቤት አስገባና ከራሱ ወንበር ፊት ለፊት አቆመው። ሾርባ አሞቀ፣ ተቀመጠ። ብዙ የሚናገረው ነበረው፤ ለወንበር መናገርን ግን አልለመደም፤ ሾርባውን ጠጣ።