ከእጅ የበላ ዝይ

ራቢዓ ከመጀመሪያውም ነግራዋለች። አንዴ ሁለቴም አይደለም። ጎረቤታቸው ወርቁ ባለበት፣ ምስክር ይሁን ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እነዚህን አውሬዎች እጅህን አታስለምዳቸው» ብላዋለች። አብዱረሂም የሰማ መስሎ አንገቱን ነቀነቀና ያው የፈለገውን አደረገ። ድሮም እንዲህ ነው። ሚስቱ ልክ መሆኗ የሚገባው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ቤታቸው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ የሽንኩርቱና የማሾው ማሳ የሚጀምርበት ዳር ላይ ነው። ልጃቸው ካሚል ለመስኖ ብሎ ከቤቱ በር ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ኩሬ አስቆፈረ። በዓመቱ፣ ክረምቱ ሲያበቃ፣ አንድ ጥንድ የዱር ዝይ ከወንዙ በኩል በርሮ መጣና ኩሬው ዳር ያለው ቄጠማ ውስጥ ገባ። ቡናማ ናቸው፣ ዓይናቸው ዙሪያውን የተኳለ ይመስላል፣ ሲበሩ ክንፋቸው ላይ ነጭ ብልጭ ይላል። ሴቷ ጯሂ ናት። ወንዱ ድምፅ የለውም፣ አንገቱን አስግጎ እፍፍፍ ማለት ብቻ ነው። ሴቷ እንቁላል ስትታቀፍ እሱ ዘብ ይቆማል፤ በዚያ በኩል ያለፈ ሰውም ይሁን ውሻ ተባሮ ይመለሳል።

ራቢዓ ያን ጊዜ መላ አበጀች። ከቄጠማው ወዲህ የግራር እሾህ ደርድራ አጠረች። ውሃ የሚቀዳ ሁሉ በማንጎዎቹ በኩል ዞሮ እንዲሄድ አደረገች። «ጫጩቶቿ ውሃ እስኪገቡ ያ መንገድ የሷ ነው» አለች። «ፍርፋሪ የሚጥልም፣ ድንጋይ የሚወረውርም እንዳላይ። እነሱ በነሱ፣ እኛ በኛ።» ቤተሰቡ አጉረመረመ እንጂ እሺ አለ። ያን ዓመት ስድስት ጫጩት ተፈለፈለ፣ ማንም ማንንም ሳይነካ አድጎ በረረ።

በዓመቱ ጥንዶቹ ተመለሱ። አብዱረሂም ደግሞ በዚያው ዓመት ጉልበቱን አሞት ማሳውን ለካሚል አስረክቦ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ማሳ የሚወርድ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ማንጎ ሥር ተቀምጦ የሚያልፍ የሚያገድመውን ቆጣሪ ሆነ። ካሚል ስለ ውሃው አያማክረው፣ ስለ ዘሩ አያማክረው። ቅር ብሎታል፣ ግን አልተናገረም። እንዲህ ባለ ልብ ነው እንግዲህ አንድ ቀን ከጁምዓ ሲመለስ አንድ እፍኝ ማሽላ ለዝዮቹ የበተነው።

«ሰደቃ ነው» አላት ራቢዓን። «ደጄ ድረስ የመጣ ፍጥረት ባዶ አፉን ሲመለስ ነውር አይደለም?»

«ለምነውሃል? ሣሩ አለላቸው፣ ውሃው አለላቸው። ሰደቃ ካማረህ መስጊዱ ደጃፍ ሞልቶልሃል።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። መጀመሪያ ከሩቅ በተነ፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ ከዚያ ከእግሩ ሥር። ሴቷ ብልህ ነበረች፣ አንድም ቀን አልቀረበችውም። ዘንድሮ የተፈለፈሉት አራት ጫጩቶች ግን ከአባታቸው ኋላ ኋላ እየተከተሉ የተረፈውን መልቀም ጀመሩ። ወንዱማ ጭራሽ፣ ጥቅምት ሳይጋመስ ከአብዱረሂም መዳፍ ላይ ይበላ ጀመር።

የሰውዬው ልብ አበጠ። «ና ና ና» ሲል ያ የዱር ወፍ ከኩሬው ወጥቶ እየተንጎማለለ ይመጣል። ወሬው ከተማ ገባ። የገበያ ወዳጆቹ መጥተው አዩ፤ ከካራቆሬ የመጡ ዘመዶቹ አዩ፤ ወጣቶች በሞባይል ቀርፀው ቲክቶክ ላይ ለቀቁት። አብዱረሂም ነጭ ኮፍያውን አስተካክሎ መዳፉን ዘርግቶ ይቀመጣል። «ያውቀኛል ወላሂ» ይላል። «ከሰው ሁሉ መርጦ እኔን።»

«የሚያውቀው ማሽላህን ነው» አለው ወርቁ። አብዱረሂም በዚህች ቃል ሁለት ቀን አኩርፎት ነበር።

ከዚያ ወፉ ኩሬው ላይ መዋሉን ተወ። ግቢው ውስጥ ገባ፣ በሩን በመንቁሩ ይቆረቁር ጀመር። እህል የያዘ ሰው ሲያይ ይከተላል፣ ካልሰጡት እፍፍ ይላል። ድሮ ሰው ሲመጣ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚጠብቅ ወፍ፣ አሁን ሰውን ከምንም አይቆጥርም። ራቢዓ፣ «ዘንድሮ አጥር ባጥር ምን ዋጋ አለው፣ አንተ አውጥተህ ካመጣኸው» አለችው። አብዱረሂም ሳቀ።

ኅዳር ሲገባ፣ አንድ ጠዋት ራቢዓ በሩ ላይ ቆማ ማሽላ ልታንገዋልል ሰፌድ ይዛ ወጣች። ወፉ እህሉን ሲያይ የራሱ መሰለው። እየሮጠ መጣ። «ሂድ ወዲያ» አለችና በሰፌዱ ገፋ አደረገችው። አልሄደም፤ ክንፉን ዘርግቶ ደረቷ ላይ ተወረወረ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፣ ተረከዟ ደፉን መታና በጎኗ ወደቀች።

አብዱረሂም ማንጎው ሥር ሆኖ ሁሉንም እያየ ነበር። እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሳቀ። ሚስቱና ዝዩ በሰፌድ ሲታገሉ ከት ብሎ ሳቀ። ማሽላው ተበትኖ፣ ወፉ እየለቀመ፣ ራቢዓ ግን አልተነሳችም። ሳቁ አፉ ላይ እንዳለ ነበር ጩኸቷን የሰማው።

ዳሌዋ ተሰበረ። ካሚል ሚኒባስ ይዞ ደረሰና ፍራሽ አንጥፎ አስተኛት፤ የደብረ ሲናን ዳገት አልፈው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገቡ። አብዱረሂም መንገዱን ሙሉ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ ይዞ ሄደ፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ስትቃትት እሱም አብሮ ይቃትታል። ቀደው ብረት አስገቡላት። ሐኪሙ ለአባትና ልጅ ፊት ለፊት ነገራቸው፤ እየተደገፈች ትሄዳለች፣ ሁለተኛ ከወደቀች ግን መነሳቷን እንጃ።

ሦስት ሳምንት ተኝታ፣ የምትመለስበት ሐሙስ ሲቃረብ ካሚል አባቱን ለብቻው ጠራው። ልጁ ትሁት ነው፣ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አባ፣ ያ ወፍ ደጃፉ ላይ እያለ እናቴን አላስገባትም። ወይ አንቱ ገላግሉን፣ ወይ እኔ ልገላግላችሁ።»

«እኔ አለሁ» አለ አብዱረሂም።

መጀመሪያ እህል ነፈገው። ወፉ በሩን እየቆረቆረ ዋለ። ጓል ወረወረበት፤ የሚበላ መስሎት ሄዶ ጓሉን ቆረጠመ። በመጨረሻ ማክሰኞ ዕለት ጆንያ ውስጥ ከተተው፣ አንገቱን ብቻ አስወጥቶ ጭኑ ላይ ይዞት በሚኒባስ ካራቆሬ ወረደ። ተሳፋሪው ሁሉ ጨዋታ አገኘ። ከከተማው ራቅ ያለ ወንዝ ዳር ለቀቀውና ወደኋላ ሳያይ ተመለሰ። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዞ ቤቱ ሲደርስ፣ ወፉ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። የባጃጁ ልጅ ጉዳዩን ሲሰማ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አብዱረሂም ወርዶ ደፉ ላይ ተቀመጠ፣ ወፉም ከጎኑ መጥቶ ቆመ።

ወደ ወርቁ ሄዶ ለመነው። «አንተ ያስለመድከውን እኔ?» አለ ወርቁ። «ደግሞ እኔ ባርደው ለናንተ ቤት አይሆን፣ አንተ ብታርደው ለኔ ቤት አይሆን። ይኼን የራስህን ጣጣ ራስህ ጨርሰው።» ከዚያ የወዳጁን ፊት አየና ድምፁን አለዘበ። «አብዱ፣ እኔን ሲያይ እኮ ይሸሻል። የሚመጣው ላንተ ነው።»

ረቡዕ ዙህርን ሰግዶ ቢላውን ሳለ። ሽርጡ ውስጥ ደብቆ፣ ማሽላ በመዳፉ ይዞ ማንጎው ሥር ተቀመጠ። «ና ና ና» አለ። ወፉ መጣ። ምነው ዛሬ እንኳ ብትጠረጥረኝ፣ ምነው ዛሬ እንኳ ብትሸሽ፣ ይላል በልቡ። ወፉ መዳፉ ላይ ያለውን ለቅሞ እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ ክንፉን በእግሩ ረግጦ ይዞ ወደ ቂብላ አዞረው፤ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» አለ። አልታገለውም። ይኼ ነው አንጀቱን የበላው፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ወፉ አልታገለውም።

ሥጋውን ካሚል ወሰደ። ወጡ ሲቀርብ አብዱረሂም አሞኛል ብሎ ተነሳ።

ሐሙስ ራቢዓ መጣች። ባለ አራት እግር የብረት ምርኩዝ ይዛ፣ በካሚል ተደግፋ ደፉን ተሻገረች። ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ልጃቸው እስኪወጣ ጠበቀች።

«አረድከው?»

«አረድኩት።»

«ስትጠራው መጣ?»

«መጣ» አለ አብዱረሂም። «ራቢዓ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ስትወድቂ እኮ ስቄ ነበር።»

«ሰምቼሃለሁ» አለች።

በዚያ ሁሉ ቀን፣ ደብረ ብርሃን እጇን ይዞ ሲያድር፣ ሳቁን እንደሰማች አንድ ቃል አልወጣትም። አብዱረሂም አንገቱን ደፋ። «አውፍ ብያለሁ» አለችው። «እኔ አፍ አለኝ፣ አውፍ እላለሁ። ያን ፍጥረት ግን አውሬነቱን የነጠቅኸው አንተ ነህ። ከኛ ርቆ ቢኖር እኔም እቆም ነበር፣ እሱም ኩሬው ላይ ነበር።»

በማግስቱ ጁምዓ ነው። አብዱረሂም ከመስጊድ ሲመለስ ራቢዓ በሩ ላይ ወጥታ በምርኩዟ እርምጃ እየተለማመደች ነበር። ሴቷ ዝይ ከአራቱ ልጆቿ ጋር ኩሬው ላይ ናት። ልጆቹ አድገዋል፣ መብረር ጀምረዋል። ነጭ ኮፍያውን ሲያዩ ግን እናታቸውን ጥለው፣ ከውሃው ወጥተው ተሰልፈው ወደ እሱ መጡ። ወደ እሱ ማለት ወደ በሩ ነው። ወደ ራቢዓ ነው።

ራቢዓ ምርኩዟን ጨብጣ ባለችበት ቆመች። አብዱረሂም መሐል ገባ። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳና ወረወረ። ከፊታቸው ወደቀ። አራቱም ሮጠው ሊለቅሙት ከበቡት።

«ምታቸው» አለች ራቢዓ ከኋላው። ቁጣ አልነበረባትም፣ እሷም ድምጿ ተሰብሯል። «ከወደድካቸው ምታቸው።»

ሁለተኛውን አስተካክሎ ወረወረ። የፊተኛውን ክንፉ ላይ አገኘው። ወፉ ተንከባለለ፣ ተነሳ፣ ዞሮ አየው። እናትየው ኩሬው ላይ ሆና ጮኸች። አብዱረሂም ሦስተኛውን፣ አራተኛውን ወረወረ፣ እንባው እየወረደ፣ እየተራገመ፣ ማንን እንደሚራገም እሱም አያውቀውም። ሁሉም ተነስተው ከማሳው ማዶ እስኪሻገሩ አላቆመም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም እንዲሁ አደረገ፤ እስኪፈሩት ድረስ።

አሁን ዝዮቹ ሰላም ናቸው። በዓመቱ ሴቷ ሌላ ወንድ ይዛ ተመልሳ ቄጠማው ውስጥ እንቁላሏን ታቅፋለች፤ የግራሩ እሾህ ታጥሯል፤ ሰው በማንጎዎቹ በኩል ይዞራል። ካሚል ዶማ ተሸክሞ ቢያልፍ አንገታቸውን ቀና አድርገው አይተው ይተዉታል። ራቢዓ ምርኩዟን ቀጭ ቀጭ እያደረገች በማዶው ብትሄድ ከሣራቸው አይነሱም። ወርቁ ቢመጣም ያው ነው።

አብዱረሂም በሩን ከፍቶ ብቅ ካለ ግን ሴቷ ትጮኻለች፣ ኩሬው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ሊያያቸው ሲፈልግ በሩን ዘግቶ፣ በሳንቃው ስንጥቅ ነው የሚያያቸው።