ሚስማር ላይ የተሰቀለው ሜትር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ አግዳሚው ለሁላችሁም ይበቃል። ጉልበቱን የሚያመው ካለ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ፣ እዚህ ማንም ማንንም አያይም። ውሃው ከማሰሮው ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ቅዱና ስሙኝ።

ከባቲ ወደ አዋሽ ከወረድኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ይቺ ምግብ ቤቴ ከጋራዦቹ ጎን ስለሆነች ደንበኞቼ ሁሉ የጂቡቲ መንገድ ሹፌሮች ናቸው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሹፌርን ግን ከአረማመዱ አውቀዋለሁ። ጎማ ፈንድቶበት እንደመጣ፣ ከሚስቱ ተጣልቶ እንደመጣ፣ አፉን ሳይከፍት እለየዋለሁ። እንዲህ እያወቅሁ ነው የአንዱን ሰው እግር ሳላይ የቀረሁት።

ሰውየው ሸዋንግዛው ነው። የደብረ ሲና ልጅ፣ አርባ ሰባት ዓመቱ፣ ሃያውን ዓመት ከባድ መኪና ላይ ያሳለፈ። ሚስቱ ሙሉሐረግና ልጆቹ እዚያው ደጋ ናቸው። እሱ ጭነት በማይኖርበት ጊዜ ከቤቴ ጀርባ በተከራያት ክፍል ያድራል።

የተጎዳው አፋር ውስጥ፣ ጂቡቲ መንገድ ላይ ባለችው ሰርዶ ነው። መኪና አልተገለበጠበትም፣ አልተጋጨም። ከጋቢናው ዘሎ ሲወርድ ነው። ከባድ መኪና መውረጃ ደረጃ አለው፣ እጀታም አለው፤ ፊትን ወደ መኪናው አዙሮ፣ እንደ መሰላል፣ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚወረደው። ግን ማን እንዲያ ይወርዳል? እንዲያ የወረደውን ጓደኞቹ «እማሆይ ወረዱ» ይሉታል። ስለዚህ ሁሉም በሩን ይከፍትና ይዘላል። ሃያ ዓመት ይዘላል። ሸዋንግዛውም በየካቲት ወር ሻይ ሊጠጣ ዘለለ፤ ግራ እግሩ ድንጋይ ላይ አረፈ፣ ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ።

ልም አጥንቱ ተሰንጥቋል ተባለ። ቀዶ ጥገና አያስፈልግም፣ ዕረፍት ያስፈልጋል ተባለ። ዕረፍት ለሹፌር ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ፤ መብላት ማለት ነው። ደብረ ሲና እንዳይሄድ «ዳገቱን በዚህ እግር አልወጣውም» አለ። እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የመጣው ሹፌር ሁሉ «ና ሸዋ፣ አብረኸኝ ብላ» ይለዋል፣ እምቢ ማለት ነውር ነው። ጠዋት ዱለት፣ ቀን ጥብስ፣ ማታ ደግሞ የተረፈው። ሰኔ ላይ በሽንኩርት ሚዛኔ ብናወጣው መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ሆነ።

«ሸዋ፣ ተሳቢውን ከፊት ነው እንዴ የቀጠልከው?» ይሉታል የጋራዡ ልጆች ሆዱን እያዩ። እሱም ይስቃል።

ሳቁ የቆመው የመኪናው ባለቤት ባህሩ የመጣ ቀን ነው። ባህሩ ክፉ ሰው አይደለም። እዚችው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «እስከ ኅዳር ሚካኤል በጊዜያዊ ሹፌር አሠራታለሁ» አለው። «ያኔ ወደ ጂቡቲ ድንበር፣ ዲቾቶ ድረስ ነድተህ ከተመለስክ መኪናዋ ያንተው ናት። ካልሆነ ግን ሸዋ፣ እኔም የማሳድጋቸው አሉኝ።»

ሸዋንግዛው «እደርሳለሁ» አለ። ባህሩ ከሄደ በኋላ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ተቀመጠ። ያቺን መኪና ሲያጣ ምን እንደሚቀረው እኔም እሱም አናውቅም ነበር።

በሐምሌ ሰመራ ሄድን። ጉልበት የምታሠራ ባለሙያ አለች ብሎ የነገረን ከማሉዲን ነው፤ የአገሬ ልጅ፣ ሹፌር። እኔ የሄድኩት ሸዋንግዛው «እትዬ አሪፋ፣ የምታበይኝ አንቺ ነሽ፤ የምትለውን አብረሽኝ ስሚ» ስላለኝ ነው። ሸዋንግዛውን ጋቢናው ላይ ለማውጣት ከማሉዲን ከኋላ በትከሻው እየገፋ «ያ አላህ፣ ሲሚንቶ ጭኜ አውቃለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን» ይላል።

ባለሙያዋ ሀምዳ ትባላለች። የአፋር ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ። እግሩን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ነካካች።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎ የተሸከመው ጭነት በዝቷል።»

«ጭነትማ እንጀራዬ ነው» አላት።

ፈገግ አለች። ከዚያ ከጉልበቱ በላይ ያለውን ሥጋ በጣቷ ጫን አድርጋ «ሃያ ኪሎ ይቀንሱ» አለች። «ግን ይስሙኝ። ጉልበቱን የምትይዘው ይቺ ናት። ሰው ተርቦ ሲከሳ ሆዱ ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ይቺም አብራ ትሄዳለች። ይቺ ከሄደች ጉልበቱ የሚደግፈው የለም።»

ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ አሥር ደቂቃ መራመድ፣ ከዚያ በየሳምንቱ መጨመር። ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሳት። ትንሽ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ ቁርጭምጭሚት ላይ አስሮ እግርን ማንሳት። ለእኔ ደግሞ «እማማ፣ ዘይቱን ይቀንሱለት፤ እንቁላልና ምስር ግን አያጉድሉበት። እንዲራብ አይደለም የምፈልገው» አለችኝ። በመጨረሻ ከመሳቢያዋ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣች፣ ቢጫ። «በየሳምንቱ ኪሎውንም ጭኑንም ለክታችሁ ጻፉ። ጭኑ እየቀነሰ ከሄደ በኪሎው ደስ እንዳይላችሁ። ይኸው ስልኬ፣ ደውሉልኝ።»

እሺ አልን። ሁለታችንም እሺ አልን።

አዋሽ ስንመለስ ሜትሩን እዚያ ጋ፣ ከሚዛኑ በላይ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። የመጀመሪያው ዓርብ ሸዋንግዛው ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ መቶ አሥራ ስድስት። ወረደ። ሜትሩን አየ፣ እኔም አየሁት።

ጭን ለመለካት ሱሪ ይወልቃል። እኔ እናቱ አይደለሁም፣ እህቱ አይደለሁም፤ የሰው ባል ነው። እሱ አንገቱን አከከና «ክፍሌ ገብቼ ራሴ እለካዋለሁ» አለ። «እሺ» አልኩት። በሚቀጥለው ዓርብ አልጠየቅኩትም። በሦስተኛው ሁለታችንም ወደ ሚስማሩ ማየት ተውን።

መጀመሪያ በደንብ ይራመድ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ጎህ ሲቀድ የአሸዋ ከረጢቱን አስሮ ወደ ባቡር ጣቢያው ይወጣል። እያነከሰ ሲመለስ ሸሚዙ ውሃ ነው። መቶ አሥራ አራት፣ መቶ አሥራ ሁለት ገባ። ከዚያ ሚዛኑ ቆመ። አራት ዓርብ አንድ ቁጥር ላይ ተቸነከረ።

ዓርብ ከሰላት በኋላ ሹፌሮቹ ሚዛኑን ከበው መቆም ለምደው ነበር። «ዛሬም ተሳቢው አልተፈታም?» ይላል አንዱ። «ተወው፣ ፍሬኑ ተጣብቆበት ነው» ይላል ሌላው። ሸዋንግዛው ይስቃል፤ ዓይኑ ግን አይስቅም። ኅዳር እየቀረበ ነው።

ከመስከረም በኋላ ምሳው ሳይነካ መመለስ ጀመረ። «ጠግቤያለሁ እትዬ» ይለኛል። ከቀትር በኋላ ጋራዡ ጥላ ሥር ከልጆቹ ጋር ይቅማል። ጫት ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ቤተሰቤም ሲቅም ነው ያደግሁት። ሰው ከቃመ እህል እንደማያሰኘው አውቃለሁ፣ እንቅልፍ እንደሚያጣም አውቃለሁ። ጎህ ሲቀድ በሩን ባንኳኳ ዝም ማለት ያዘ። ከረጢቱ ደጃፉ ላይ ተጥሎ፣ ዶሮ አሸዋውን ጭራው አየሁ።

አየሁና ዝም አልኩ። ለምን በሉኝ። ሚዛኑ ወርዶ ነበራ። መቶ አምስት። መቶ አንድ። ዘጠና ስምንት። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ «እትዬ አሪፋ ሐኪም ሆነች» ይላሉ። ከማሉዲን ሳይቀር «አክስቴ፣ የእኔንም ሆድ ተረከቢኝ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ በስተርጅና ያገኘሁት ስም ነው።

ደግሞ ይቺን ልንገራችሁ፣ ከሁሉም የምታንገበግበኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ሱሪው ከወገቡ እየወረደ አስቸገረው። «ወዲህ በለው» ብዬ ተቀበልኩት፤ እሱ ሽርጥ ታጥቆ ተቀመጠ። ከሚስማሩ ላይ ያችን ቢጫ ሜትር አወረድኩ፣ ለሱሪው ወገብ። ለካሁ፣ አጠፍኩ፣ በእጄ ሰፋሁለት። ሜትሩን መልሼ ሰቀልኩት። ሱሪውን ለብሶ ሲሄድ ግራ እግሩ ላይ ጨርቁ በነፋስ ይርገበገባል፣ ቀኙ ላይ ግን አይርገበገብም። አየሁት። ሱሪው ሰፍቶት ነው አልኩ።

ኅዳር ሚካኤል ማግስት ባህሩ መኪናዋን አመጣ። ሸዋንግዛው ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ዘጠና ስድስት። ጭብጨባው ጋራዡን ሞላው። ብቻውን፣ ማንም ሳይገፋው ጋቢና ወጣ። ባህሩ ራሱ «አንተ ሰው፣ አስራ አምስት ዓመት ነው የቀነስከው» አለው። እኔ እንቁላል ቀቅዬ በፌስታል ሰጠሁት። ከማሉዲንም ጭነት ነበረው፣ ከኋላው ተከተለ። የቀረውን የሰማሁት ከእሱ ነው።

እስከ ሰመራ ደህና ነበር። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ማርሽ ከገባ በኋላ ግራ እግር ሥራ የለውም። ከዚያ ደውሎልኝ «እትዬ፣ እንቁላሉን ጨረስኩት» አለኝ። ድምፁ የድሮው ነበር።

ዲቾቶ ሲደርሱ ግን የመኪና ሰልፍ ገጠማቸው። አንድ መኪና ሁለት እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል። ፍሪሲዮን፣ ያ በግራ እግር የሚረገጠው፣ ይረገጣል፣ ይለቀቃል፣ ይረገጣል። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ሸዋንግዛው ኋላ ለከማሉዲን እንደነገረው፣ መጀመሪያ ጭኑ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በእጁ ጉልበቱን እየተጫነ መርገጥ ጀመረ፤ ግራ እጁ ጉልበቱ ላይ፣ ቀኝ እጁ መሪው ላይ። ውሃ የምትሸጥ ሴት በእሱና በፊተኛው መኪና መሀል ሾልካ አለፈች። እሷ እንዳለፈች እግሩ ከፍሪሲዮኑ አመለጠ። መኪናዋ ዘልላ የፊተኛውን ተሳቢ ገጨች።

የተጎዳ ሰው የለም። አንድ መብራት ነው የተሰበረው። ሴትዮዋም ዞራ አይታ መንገዷን ቀጠለች።

ሸዋንግዛው ሞተሩን አጠፋ። ከማሉዲን ሮጦ ሲደርስ በሩ ተከፍቷል። ሊዘል ነው ብሎ ደነገጠ። አልዘለለም። ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ፣ እጀታውን ያዘ፣ እንደ መሰላል አንድ አንድ እያለ ወረደ። ያ ሁሉ ሹፌር ቆሞ ያያል፤ «እማሆይ» ያለው የለም። ቁልፉን ለከማሉዲን ሰጠው።

«ለባህሩ አድርስልኝ።»

«ሸዋ፣ ትንሽ አረፍ በልና…»

«ሴትየዋን አይተሃታል?» አለው።

በማግስቱ በአውቶቡስ ሰመራ ወረድኩ፤ ሸዋንግዛውም ከዲቾቶ መጥቶ እዚያ ጠበቀኝ። ሀምዳ አልጋው ላይ አጋድማ በራሷ ሜትር ለካችው። ቀኝ ጭኑ ሃምሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ግራው አርባ ስድስት።

«በየሳምንቱ የሚለካው ማን ነበር?»

እሱ እኔን አየ። እኔ መሬቱን አየሁ። ልጄ የምትሆን ናት፣ ብትቆጣኝ በተሻለኝ። አልተቆጣችም። «ስልኬን ሰጥቻችሁ ነበር እኮ» ብቻ አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ «ለመራመድ እግርዎ ይመለሳል ጋሼ፤ ደረጃም ይወጣሉ። ለከባድ መኪና ግን ከእንግዲህ ቃል አልሰጥዎትም፣ ልም አጥንቱም ብሶበታል» አለችው። አብረን ወደ አዋሽ ተመለስን። መልካ ወረር መገንጠያው ጋ ስንደርስ «ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ» አለኝ። «የሁለታችን ነው» አልኩት።

መኪናዋን አሁን የሚነዳት ውብሸት የሚባል ልጅ ነው። ሲያልፍ ክላክስ ያደርግለታል። ሸዋንግዛው እጁን ያነሳል፣ ወደ ጋቢናው ግን አያይም። እዚያ ማዶ የመኪና ማቆሚያው በር ላይ ታርጋ መዝጋቢ ሆኗል፤ ስትመጡ መዝገብ ይዞ የቆመው እሱ ነው። ሙሉሐረግ ና ትለዋለች። «ዳገቱ» ይላታል። የምታምነው አይመስለኝም።

ጎህ ሲቀድ ከረጢቱን አስሮ ወደ ባቡር ጣቢያ ይሄዳል፣ ይመለሳል። መቃሙን ትቷል። ኪሎው ወደ መቶ አንድ ተመልሷል፣ የሚያጨበጭብ የለም። ግራ ጭኑ አርባ ስምንት ገብቷል። ዓርብ ዓርብ ከማሉዲን እዚያ ጓዳዬ ያስገባውና በሩን ዘግቶ ይለካዋል። እኔ ውጭ ቆሜ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያኔም ሁለት ደቂቃ ነበር፤ «ከማሉዲን፣ ግባና ለካው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

በሉ ፀሐዩ በርዷል፣ መንገደኛ አላቆይም። ስትወጡ ከሚዛኑ በላይ ያለችውን ቢጫ ሜትር አንድ ጊዜ ቀና ብላችሁ እዩልኝ። የእኔንም የእሱንም ስም ብትረሱ ቅር አይለኝም። ያቺን ሁለት ደቂቃ ግን፣ ልጆቼ፣ አደራ አስታውሷት።