አዲሱ ካታላይዘር

እኔ፣ ሰማኸኝ የምባለው፣ ፈሪ ሰው አይደለሁም። ከመተማ ዮሐንስ ገንዳ ውሃ አሥራ አንድ ዓመት ሚኒባስ ስነዳ ስንቱን አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ፈራሁ።

ነገሩ የመጣው በቦሎ ነው። ዘንድሮ መርማሪዎቹ የጭስ መለኪያ ይዘው ገንዳ ውሃ ገቡና፣ ጭሷ ያልጠራ መኪና ቦሎ አትለጥፍም ተባለ። ቦሎ የሌላት መኪና ደግሞ ቆማ መዋል ነው። የኔዋ ካታላይዘሯ ባዶ ነበር፤ ከማርሚታው በፊት ያለውን፣ ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ ማለቴ ነው። እኛ የቆላ ሾፌሮች መኪና ስንገዛ መጀመሪያ የምናደርገው እሱን አስፈትተን ውስጡን በብረት መቦርቦር ነው። በዚህ ሙቀት ሞተር ያፍናል እንላለን። ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ሁላችንም አድርገነዋል።

መካኒኩ ፈሀድ ከድንበሩ ወዲያ ማዶ የመጣ ደህና ካታላይዘር ፈልጎ ገጠመልኝ።

"ስማ" አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ይሄ ዕቃ ካልጋለ አይሠራም። መርማሪዎቹ ጋ እስክትደርስ ሞተር እንዳታጠፋ። ከበረደ ወላሂ ትወድቃለህ።"

"የሚሸት ነገር አለ እኮ።"

"የእጃችን ቅባት እየነደደ ነዋ! ዛሬን ይሸታል፣ ነገ ይተዋል። ኸላስ፣ ሂድ በቃ!"

መንገዴ ላይ ያለችውን ኮኪትን አለፍ እንዳልሁ የእህቴ የአየሁሽ ማሳ አለ። ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ እታለም እያልሁ ነው የምጠራት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ሰሊጧን ለብቻዋ ነው የምታመርተው። ጥቅምት እያለቀ ስለነበር ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ቆሟል፤ ሂላ እንለዋለን። ሠራተኞቿ የጥቅምት መድኃኔ ዓለምን ለማክበር ከተማ ወጥተው ብቻዋን ነበረች።

በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ውሃ አደርስላታለሁ። እዚህ አገር ውሃ የያዘ መኪና ሂላው ሥር ድረስ ገብቶ ነው የሚቆም፣ ጀሪካኑ ጥላ ላይ እንዲወርድ። ሌላ ጥላ የት አለና! እኔም እንደ ወትሮው በኋላ ማርሽ ገብቼ ገለባው ላይ ቆምሁ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋሁም።

"አጥፋውና ትንሽ አረፍ በል እንጅ ወንድምዓለም፣ ቂጣ አለኝ" አለች።

"ኧረ እታለም፣ ዛሬ አታስቁሚኝ! ቦሎዬን ልለጥፍበት!"

አሥር ጀሪካን ስናወርድ ሩብ ሰዓት ሆነ። ልወጣ ስል ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ፈሀድ ብሎኛል አልሁና ነዳጅ ረገጥሁ። በመስታወት ከኋላዬ የሚጎተት ነገር አየሁ። አቧራ ነው አልሁ። አስፋልቱን ስይዝ የማስበው ስለ ወረፋው ነበር።

ገንዳ ውሃ ስደርስ ስምንት መኪና ተሰልፏል። ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ቆም ባልሁ ቁጥር ነዳጅ እየሰጠሁ ተራዬን ጠበቅሁ። ብሌን የምትባል መርማሪ ቱቦውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከታ መለኪያውን አየችና ፈገግ አለች።

"አልፈሃል። እንዲህ የጠራ ዛሬ አላየሁም።"

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ መኪናዋን ከሥር ስታይ ቆየች። ከዚያ በእንጨት እየጎረጎረች አንድ ነገር መዝዛ አወጣችና መሬት ላይ ጣለችው። የሰሊጥ አገዳ ነው። ግማሹ ከሰል ሆኗል።

"አንተ፣ እሳት ላይ ነው እንዴ ቆመህ የመጣኸው?"

ስልኬን ከመሳቢያው አወጣሁ። ሦስት ያልተነሳ ጥሪ፣ ሦስቱም የእታለም። መልሼ ደወልሁ፤ አይጠራም። እንደገና ደወልሁ፤ አይጠራም።

ብሌን "ወረቀትህን ተቀበል እንጅ!" ስትል ይሰማኛል፣ እኔ ግን መኪናዋን አዙሬያለሁ። ወደ ኮኪት አቅጣጫ ሰማዩ ላይ ጭስ ቆሟል። በዚህ ወር ጭስ የማይታይበት ቀን የለም፣ ሰው ማሳ ያቃጥላል፣ ከሰል ያከስላል። የሌላ ሰው ነው፣ የሌላ ሰው ነው እያልሁ ነዳሁ። በቀረብሁ ቁጥር ጭሱ ወደ እሷ ማሳ እየተጠጋ መጣ። መድኃኔ ዓለም፣ ቦሎውም ይቅር፣ መኪናዋም ትቅር፣ እሷን ብቻ አትርፍልኝ አልሁ። ሰው ስሙ ሰማኸኝ ሆኖ እንዲህ ይለምናል? እኔ ለመንሁ፣ ጮክ ብዬ።

መኪናዋን አስፋልቱ ላይ ትቼ ሮጥሁ። ሁለት ሂላ አመድ ሆኗል። ሌላው ሁሉ ቆሟል። አሥሩ ጀሪካን ባዶውን ተበታትኗል፣ አመዱ ዙሪያ መሬቱ ርሷል። እታለም እርጥቡ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ከጫፉ ነዷል፤ እሳቱን በእሱ ስትመታ ነበር። ውስጥ እግሯ ተቃጥሎ ተልጧል። ስልኳ አጠገቧ ጭቃ ውስጥ ወድቋል።

"እታለም!" ብዬ ተደፋሁባት። ተንሰቅስቄ አለቀስሁ።

ፀጉሬን ዳሰሰችኝ። ድምፅዋ በጭስ ጎርንኗል።

"ሦስቴ ደወልሁልህ። እሳቱ ሲነሳ ገና አስፋልቱን አልያዝህም ነበር፣ መኪናህ ትታየኛለች። አላየም አልሁ። ቢያውቅማ ጥሎኝ አይሄድም አልሁ።" ቀና አድርጋ ፊቴን አየችው። "አላወቅህም አይደል?"

አዎ ብላት ይበቃት ነበር። ታምነኝ ነበር።

"ሸቶኝ ነበር" አልኋት።

"እና?"

"ሞተሩ እንዳይበርድብኝ ብዬ ነው።"

እጇን ከራሴ ላይ አነሳች። የተቃጠለ እግሯን ቀስ ብላ ሰበሰበችና ፊቷን ወደ ሂላው አዞረች።