እናቴ በዘጠና ኪሎባይት

እናቴ የቀለለችው ማክሰኞ ጠዋት፣ ፎቶዋን ከስድስት ሜጋባይት ወደ አራት መቶ ኪሎባይት ሳወርደው ነው።

ፎቶው እኔ ለምሠራው ለጋሽ ሻንካ ድረ ገጽ የተነሣ ነበር። ጋሽ ሻንካ ሸማኔ ናቸው። ነጠላቸውን ለብሳ ሳትንቀሳቀስ የምትቀመጥ ሰው ሲፈልጉ እናቴን መረጥኩላቸው። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። እናቴም በጉልበቷ ምክንያት ደረጃውን ከወረደች ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆኗት ነበር።

«ገጹ እስኪከፈት ሰው ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ይመለሳል» አሉኝ ጋሽ ሻንካ በስልክ። ስለዚህ የምስል መጭመቂያ ፈልጌ አንድ ነጻ የሆነ አገኘሁ። ምስሉን ማስገባት፣ ጥራቱን ከመቶ ወደ ታች መጎተት፣ በቃ። ከሥሩ «ዓይን የማያስተውለውን ብቻ እንጥላለን» ይላል።

ሰማንያ ላይ አቆምኩት። እናቴ ከጓዳ ተጣራች።

«ስምሬ፣ ምን አደረግሽኝ?»

«ምንም። ፎቶሽን ጨመቅኩት።»

«በምን?»

«በመጭመቂያ።»

«በሎሚው?»

ግድግዳ ሳትይዝ ሳሎን ድረስ መጣች። እግሯ ድምፅ አልነበረውም። ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ እንደገና ተቀመጠች። ከዚያ «እትዬ ጋ እሄዳለሁ» አለች።

እትዬ የምትላት ታላቅ እህቷን የሻረግን ነው። አክስቴ የሻረግ አያት ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ታማ ተኝታለች። ሐኪሙ ልጆቿን «ዘመድ ጥሩ» ብሏቸዋል። ሁለቱ እህትማማቾች በከተማው ሁለት ጫፍ፣ በሁለት ፎቅ ላይ ሆነው፣ እስከዚያ ቀን የሚተያዩት በስልክ ብቻ ነበር።

በሰማንያ እናቴ ሁለት ፎቅ ወርዳ ተመለሰች። ጥራቱን ወደ ስድሳ ስቀንሰው ምድር ደረሰች። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ጉልላት በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ወይዘሮ ትርንጎ! ሊፍት ተገጠመልን እንዴ?»

«ልጄ ናት የገጠመችልኝ።»

«እኔ ሳልፈርም?»

ሣቁ። ከመቀመጫቸው ግን አልተነሡም። ድሮ ይነሡላት ነበር። ሱቅ ስንሄድ ባለሱቁ ከኋላዋ የቆሙትን ሦስት ሰዎች አስቀድሞ አስተናገደ። በመጨረሻ ሻይ ቅጠሉን ሲሰጣት «እርስዎ» ማለቱን ትቶ «አንቺ» አላት።

«ሰው አቀለለኝ» አለች ስንመለስ።

መጭመቂያው መቅለልን በሁለቱም ትርጉሙ እንደሚያውቀው አልገመትኩም ነበር።

«ዋናውን አስቀርተሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ናት። ቅጂ ሳያስቀር ደብዳቤ የሚያወጣ ሰው ያሳዝናታል።

«የለም። በላዩ ላይ ነው ያስቀመጥኩት።»

«በላዩ ላይ» አለች። አምስት ፎቅ ለመውጣት ስድሳ እንደማይበቃ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የተጣለው እንደማይመለስም እናውቅ ነበር።

«ቀንሺው» አለች። «ሰው ባይነሣልኝ ምንም አይደለም። እትዬ መነሣት አትችልም፣ እኔ ልነሣ።»

አርባ ላይ ዘጠና ኪሎባይት ሆነች። ጉንጯ ላይ እንደ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ የተገጣጠሙ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ታዩ። ዳር ዳሯ ትንሽ ይርገበገባል። ታክሲ ውስጥ በመስኮቱ ነፋስ እንዳትነሣ ቦርሳዬን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩ። አያት ስንደርስ አምስቱን ፎቅ ከፊቴ ወጣች። ሦስተኛው ላይ ያረፍኩት እኔ ነኝ።

አክስቴ ትራስ ተደግፋ አየቻት።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ፣ እትዬ።»

«ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«ተጨምቄ ነው።»

«እስቲ ቀረብ በይ።» አክስቴ የእናቴን ነጠላ ገለጥ አድርጋ ከግራ ጆሮዋ ኋላ በጣቷ ፈለገች። «ጠባሳው የታል? በድንጋይ የፈነከትኩሽ?»

«ተጥሏል። ዓይን የማያስተውለውን ነው የሚጥለው።»

«እኔ አስተውለው ነበር» አለች አክስቴ። «ስድሳ ዓመት ሙሉ። ሹሩባ በተሠራሽ ቁጥር አየዋለሁ። አንድ ቀን ይቅር በይኝ እላታለሁ እያልኩ።»

«በያ።»

«ጠባሳው በሌለበት?»

«በሌለበት።»

አክስቴ አለቻት። እናቴም ይቅር አለቻት።

«ቀለለኝ» አለች አክስቴ። እሷን ማንም አልጨመቃትም።

በማግሥቱ ከመጭመቂያው ገጽ ሥር ባለችው ሳጥን ለሠሪዎቹ ምስጋና ጻፍኩ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ መጻፍ ግን እችላለሁ። እናቴ ደረጃ እንደወረደች፣ እህቷን እንዳገኘች፣ የጋሽ ሻንካ ገጽም በሁለት ሴኮንድ እንደሚከፈት ገለጽኩላቸው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ጨረስኩ። መልስ አልመጣም። ምስጋናዬ ግን ከልብ ነበር፤ አሁንም ከልብ ነው።

እናቴ አሥራ አንድ ቀን በተከታታይ ሄደች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በከተማው ኔትወርክ ተቋረጠ። እኔ ቀድሜ ደርሼ አክስቴ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። በሩ ተከፈተና አንድ ግራጫ አራት ማዕዘን ገባ። ቁመቱ የእናቴን ያህል ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ከላይ በግራ ጥጉ፣ ምስሉ ካልመጣ እንዲነበቡ እኔው ራሴ ገጹ ላይ የጻፍኳቸው ትንንሽ ፊደሎች ነበሩ፦ ነጠላ የለበሰች ሴት።

አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀች።

«ነይ፣ ቁጭ በይ» አለች።

አራት ማዕዘኑ ጉልበቷ በሚሆንበት ቦታ ታጥፎ ከጎኗ ተቀመጠ። አክስቴ እጇን እስከ አንጓዋ ባዶው ውስጥ አስገባች። ጣቶቿም የሰው እጅ እንደያዘ ሰው ጣት ቀስ ብለው ተጨበጡ።