ያልተጠቀለለው ኮላ

ማሀዋ ኮላውን፣ ያን እየታኘከ የሚበላ መራራ ፍሬ፣ በቅጠል እንዳይጠቀልሉላት ገበያ ላይ ሁለቴ ተናገረች። ሻጯ አልተዋጠላትም።

"ለሽማግሌ ራቁቱን ልትሰጪ? ምን ብለሽ ልትጠይቂያቸው ነው?"

"የምጠይቀው የለም። ሰላም ልላቸው ነው።"

ልዩነቱን ሕፃን ያውቀዋል። በቅጠል የተጠቀለለ ኮላ ጥያቄ ነው፤ ተቀባዩ ሰብሮ ካከፋፈለውና ከበላው ጉዳዩ ታሰረ፣ መመለስ የለም። በእጅ የሚሰጥ ግን ሰላምታ ነው፣ በቃ።

አለቃዋ ሙሴ ዳፌ ከዋና ከተማው የመጣ ሰው ነው። ቀዩን አፈር እየዛቀ በመርከብ የሚጭነው ኩባንያ ማሀዋን የቀጠራት ለዲግሪዋ ብቻ አልነበረም፤ የመንደሩ ሽማግሌ ሴኒ የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዳፌ የፈለገው ከመንደሩ ምንጭ በላይ ያለውን ኮረብታ ነው። "ኮላ ይዘሽላቸው ሂጂ" አላት። እምቢ ብትል ሌላ ሰው ይልካል፣ ያውም አስጠቅልሎ። ሳይጠቀለል ብትወስደው ግን ሥራዋም ኮረብታውም ይተርፋሉ። ሁለቱንም ወገን አታልሎ መውጣት ቀላል መስሏት ነበር።

አጎቷን ከካሹ ዛፎቹ ሥር ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"መጣሽ ባለመኪናዋ" አሉ። "ዶሮዎቼን ሳትጨፈልቂ ደረስሽ?"

"ዛሬ ተርፈዋል፣ አጎቴ።" ኮላውን በእጃቸው አስያዘቻቸው።

ገልበጥ አድርገው አዩት። "ይሄ ከማን ነው?"

"ከእኔ። ሰላምታ ነው።"

"ባለፈው ብስኩት ነበር ያመጣችው" አለች የአጎቷ ሚስት ሳላማታ ከጓሮ። "ደመወዝ ጨምረውላት መሆን አለበት።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሴኒ ሰባበሩና አደሉ፤ ሁሉም አኘከ። ያመጣት የኩባንያው ሾፌር ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳቸው። ማሀዋ አየችው፣ አልከለከለችውም።

ፎቶው የአካባቢው አስተዳዳሪ ቢሮ ሲደርስ መንደሩ ኮላውን በልቶ ኮረብታውን እንደሰጠ ተቆጠረ። ማሀዋ ዳፌ ዘንድ ገብታ ኮላው እንዳልተጠቀለለ ነገረችው።

"ቅጠሉን ማን ይፈልገዋል?" አላት። "ሲያኝኩ ይታያሉ። ጎበዝ ነሽ።"

ያን ዕለት ሥራዋን አልለቀቀችም። ዶዘሮቹ ኮረብታውን መግፈፍ ሲጀምሩም አልለቀቀችም። የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ምንጩ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ ወዲህ ሳላማታ የምትቀቅለው ሩዝ ቀይ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ጠዋት ሴኒ የዓርብ ሶላት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ቢሮዋ መጡ። ወንበር ስታቀርብላቸው አልተቀመጡም። በአረንጓዴ ቅጠል የተጠቀለለ ኮላ ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ።

"የመጣሁት ውሃ ለመለመን ነው" አሉ። "ምንጩ አሁን የእናንተ ነው። የውሃ ቦቴ እንዲልኩልን እርስዎን እንጠይቃለን።"

ማሀዋ 'እርስዎ' ሲሏት ጆሮዋን አላመነችም። "አጎቴ፣ እኔ እኮ ቦቴ ማዘዝ አልችልም።"

"ኮላ ማምጣት ግን ችለው ነበር።"

ዳፌ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። "ተቀበያቸው እንጂ" አለ እየሳቀ። "ሰላምታ አይደል?"

ማሀዋ ቅጠሉን ፈታች። አንዱን ፍሬ ሰበረችና ግማሹን ለዳፌ ዘረጋችለት። እሱ ከበላ ነገሩ እሱንም ያስረዋል።

"ጥርሴን ያመኛል" አለ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ሁለቱንም ግማሽ አፏ ውስጥ ከተተችና አኘከች።

ሴኒ እስክትውጠው ጠበቁ።

"ብቻሽን በላሽው፣ ልጄ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ነገ ሴቶቹ ባልዲ ይዘው መንገድ ዳር ይጠብቁሻል።"